ለሊቲየም አዮን ቻርጀር ፍተሻ የሚሆን ምስለ ባትሪ እንዴት ይሠራል?

ጥያቄ፦ «ለፀሐይ መብራት የሚሆን ቻርጀር እየሠራሁ ነው። የተጠቀምኩት በገበያ በብዛት የሚገኘውን፣ ቲፒ4056 የተባለው የቻርጅ መቆጣጠሪያ ቺፕና የባትሪ መከላከያ አብረው የተገጠሙበትን ቦርድ ነው። ደህናውን 18650 የሊቲየም አዮን ሴል ላለማበላሸት ብዬ የላብራቶሪ ፓወር ሰፕላይ 3.7 ቮልት ላይ አስተካክዬ በባትሪው ቦታ አገናኘሁት። የቻርጅ ከረንቱ ዜሮ ሆነ፤ ቮልቴጁ ግን በራሱ ወደ 4.2 ወጣ፣ ሞልቷል የሚለው ሰማያዊ መብራትም በራ። ፓወር ሰፕላዩን አንስቼ 10 ኦም ሬዚስተር ሳስገባ ቮልቴጁ 1.3 ላይ ቆመ። በ1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ስሞክር ደግሞ መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ቦርዱ ተበላሽቷል ማለት ነው? ካልሆነስ ያለ ባትሪ የምፈትሽበት ዘዴ አለ?»

ምላሽ፦ ቦርድዎ አልተበላሸም። በሦስቱም ሙከራዎች ያዩት ውጤት ጤነኛ ቲፒ4056 ሊያሳይ የሚገባው ነው፤ እንዲያውም በ10 ኦም ላይ የለኩት 1.3 ቮልት ቺፑ በትክክል እየሠራ መሆኑን ከሌሎቹ በተሻለ ያረጋግጣል። ስህተቱ ያለው በባትሪው ቦታ በተተካው ነገር ላይ ነው። ቮልቴጁ ከባትሪ ጋር የተስተካከለ ነገር ሁሉ ባትሪን ይተካል የሚለው ግምት በብዙ ሠሪዎች ዘንድ የተለመደ ሲሆን፣ በዚሁ ምክንያት ደህና ቦርድ ተበላሽቷል ተብሎ ይጣላል፤ ከዚያም በባሰ ሁኔታ የተበላሸው ደህና ነው ተብሎ ይገጠማል።

በባትሪና በቻርጀር መካከል ያለውን ቮልቴጅ የሚወስነው፣ ሴሉ እስኪሞላ ድረስ፣ ባትሪው ነው እንጂ ቻርጀሩ አይደለም። ባትሪው ከረንት ሲገባበትም ሲወጣበትም ቮልቴጁን ይዞ ይቆያል፤ ለውጡም በጣም ዝግ ያለ ነው። ቻርጀሩ በበኩሉ ይህን ቮልቴጅ እያነበበ ምን ያህል ከረንት መስጠት እንዳለበት ይወስናል። ስለዚህ ምስለ ባትሪ ለመባል አንድ ነገር የግድ ሊያሟላው የሚገባው ከረንት እየተቀበለ ቮልቴጁን አለመልቀቅ ነው። እርስዎ ከሞከሯቸው ሦስት ነገሮች አንዱም ይህን አያሟላም።

የቺፑን አሠራር በቁጥር ካስቀመጥነው ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ከረንት ወሳኙ ሬዚስተር 1.2 ኪሎ ኦም በሆነበት ቦርድ ላይ፣ ቲፒ4056 የባትሪው ቮልቴጅ ከ2.9 በታች ሲሆን ሴሉ በጣም ተራቁቷል ብሎ ወደ 130 ሚሊ አምፔር ብቻ ይሰጣል፤ ይህ ቅድመ ቻርጅ ነው። ቮልቴጁ 2.9ን ሲያልፍ ወደ 1 አምፔር ቋሚ ከረንት ይሸጋገራል። ቮልቴጁ 4.2 ሲደርስ ቮልቴጁን እዚያው ይዞ ከረንቱ እንዲቀንስ ይተወዋል፤ ከረንቱ ከተወሰነለት አንድ አስረኛ፣ ማለትም 100 ሚሊ አምፔር ገደማ ሲደርስ ቻርጁን ያቆማል። ከዚያ በኋላ ቮልቴጁ ወደ 4.05 አካባቢ ቢወርድ እንደገና ይጀምራል።

አሁን ወደ ሙከራዎችዎ እንመለስ። ተራ የላብራቶሪ ፓወር ሰፕላይ ከረንት መስጠት እንጂ መቀበል አይችልም። ቻርጀሩ ከ3.7 በላይ ገፍቶ ሲመጣበት የፓወር ሰፕላዩ መውጫ ትራንዚስተር ይዘጋና ከጨዋታው ይወጣል፤ ቻርጀሩ የሚያገኘው መውጫው ላይ ያለውን ካፓሲተር ብቻ ነው። ካፓሲተሩ ወዲያው 4.2 ይደርሳል፣ ከረንቱ ከ100 ሚሊ አምፔር በታች ይሆናል፣ ቺፑም ሞልቷል ብሎ ያቆማል። የፓወር ሰፕላዩ ማሳያ 3.7 ሳይሆን 4.2 ማሳየቱ ራሱ ቮልቴጁን የሚወስነው ፓወር ሰፕላዩ አለመሆኑን ይነግርዎታል።

ሬዚስተሩ ደግሞ የተለየ ችግር አለበት። ሬዚስተር የራሱ ቮልቴጅ የለውም፤ ከዜሮ ይነሣል። ቺፑ ከ2.9 በታች ስላገኘው 130 ሚሊ አምፔር ይሰጠዋል፤ 0.13 አምፔር በ10 ኦም ሲባዛ 1.3 ቮልት ነው፤ እርስዎ ያነበቡትም ይኸው ነው። ከዚያ በላይ ሊወጣ አይችልም። ከ2.9 እንዲያልፍ ሬዚስተሩ ከ22 ኦም በላይ መሆን አለበት፤ 24 ኦም ቢያደርጉት ግን ቺፑ ወደ 1 አምፔር ለመሄድ ሲሞክር ቮልቴጁ ወዲያው 4.2 ደርሶ ይታገዳል፣ የሚፈሰውም 175 ሚሊ አምፔር ብቻ ይሆናል። 47 ኦም ካደረጉት ከረንቱ 90 ሚሊ አምፔር ገደማ ስለሚሆን ቺፑ ሞልቷል ብሎ ያቆማል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ መልሶ ይጀምራል። በየትኛውም ሬዚስተር ብቻውን የ1 አምፔሩን ቋሚ ከረንት ማየት አይቻልም። ሬዚስተር አስሮ «ቻርጀሩ 1 አምፔር አይሰጥም» የሚል ሰው የሚያማርረው በቻርጀሩ ሳይሆን በኦም ሕግ ነው። የካፓሲተሩ ብልጭታም ከዚሁ የተለየ አይደለም፤ 1000 ማይክሮፋራድ በቅጽበት ይሞላል፣ በቦርዱ ላይ በሚፈሰው ጥቂት ከረንት ይራቆታል፣ እንደገና ይሞላል። ይህን ብልጭታ ባትሪ ሳይገናኝ ሲቀር የሚታይ ምልክት አድርጎ የቺፑ አምራች ራሱ መዝግቦታል።

የምመክረው መፍትሔ ሁለቱን የከሸፉ ሙከራዎችዎን አንድ ላይ ማድረግ ነው። ፓወር ሰፕላዩን በባትሪው ቦታ ያድርጉት፤ በእሱ መውጫ ላይ ግን ከቻርጁ ከረንት የሚበልጥ ከረንት ሁልጊዜ የሚበላ ሬዚስተር በትይዩ ይሰሩ። ቻርጀሩ ሳይበራ ሬዚስተሩን የሚመግበው ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ነው። ቻርጀሩ 1 አምፔር መስጠት ሲጀምር ያ ከረንት ወደ ሬዚስተሩ ይገባል፣ ፓወር ሰፕላዩም የራሱን ድርሻ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ምንጊዜም እየሰጠ ስለሚቆይ ግን አይዘጋም፣ ቮልቴጁንም ከእጁ አይለቅም። ከቻርጀሩ በኩል ሲታይ ይህ ጥምረት ከረንት እየተቀበለ ቮልቴጁን የሚጠብቅ ነገር ነው፤ የፈለግነውም እሱን ነው።

ለእርስዎ ቦርድ አራት ባለ 10 ኦም፣ ባለ 10 ዋት ነጭ የሴሚንቶ ሬዚስተሮችን በትይዩ ቢያስሩ 2.5 ኦም ያገኛሉ። በ2.9 ቮልት 1.16 አምፔር ይበላል፤ ይህ ከ1 አምፔር በጥቂቱ ስለሚበልጥ በቋሚ ከረንት ክልሉ ዝቅተኛ ጫፍ እንኳ ፓወር ሰፕላዩ መሥራቱን ይቀጥላል። በ4.2 ቮልት 1.68 አምፔር ይበላል፣ በድምሩ ወደ 7 ዋት ይሞቃል፣ ለእያንዳንዱ ሬዚስተር ከ2 ዋት በታች ይደርሳል። ባለ ሩብ ዋት ሬዚስተሮችን ለዚህ ሥራ አይጠቀሙ፤ ይቃጠላሉ። ባለ 10 ዋቶቹም ቢሆኑ ጣት ላይ የሚያሰማ ሙቀት ስለሚኖራቸው ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን በሴራሚክ ወይም በብረት ላይ ያስቀምጧቸው። ፓወር ሰፕላዩ ቢያንስ 2 አምፔር መስጠት የሚችል ይሁን፤ 3 አምፔር ከሆነ የተሻለ ነው።

አንድ ጠቃሚ ነገር እዚህ ላይ አለ። ፓወር ሰፕላዩን 3.7 ላይ አድርገው ሬዚስተሩን ብቻ ሲያገናኙ ማሳያው 1.48 አምፔር ያነባል። የቻርጀሩን የ5 ቮልት መግቢያ ሲሰኩ ንባቡ ወደ 0.48 ይወርዳል። የወረደው 1 አምፔር የቻርጁ ከረንት ነው። አምፔር ሜትር በመሐል ሳያስገቡ ቻርጀሩ እየሠራ መሆኑን በዚህ ብቻ ማወቅ ይችላሉ። ንባቡ ወደ ዜሮ ተጠግቶ ቮልቴጁ ካስቀመጡት በላይ መውጣት ከጀመረ ሬዚስተሩ የሚበላው ከረንት አንሷል ማለት ነው፤ የፍተሻው ውጤት በሙሉ ከዚያች ነጥብ ጀምሮ ዋጋ የለውም።

በዚህ ላይ ሁለት ትናንሽ ጭማሪዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ከቦርዱ የባትሪ ፖዘቲቭ እስከ ፓወር ሰፕላዩና ሬዚስተሩ መገናኛ ባለው ሽቦ ላይ በተከታታይ የሚገባ 0.1 ኦም፣ ባለ 1 ወይም ባለ 2 ዋት ሬዚስተር ነው። እውነተኛ ሴል በአሥሮች ሚሊ ኦም የሚቆጠር ውስጣዊ ሬዚስታንስ አለው፤ ምስለ ባትሪው ይህ ከሌለው ከ1 አምፔር ወደ ዜሮ የሚደረገው ሽግግር በጥቂት ሚሊ ቮልት ውስጥ ያልቅና ሊከታተሉት አይችሉም። 0.1 ኦም ሲገባ ሽግግሩ ወደ 100 ሚሊ ቮልት ይሰፋል፤ መገናኛው 4.10 ሲሆን ከረንቱ ገና 1 አምፔር ነው፣ 4.15 ላይ ግማሽ አምፔር ይሆናል፣ 4.19 ላይ ወደ 0.1 አምፔር ወርዶ ቺፑ ሊያቆም ይደርሳል። በዚያው ሬዚስተር ጫፎች ላይ ያለውን ቮልቴጅ በመልቲሜትር ቢለኩ ከረንቱን በቀጥታ ያገኛሉ፤ 50 ሚሊ ቮልት 0.5 አምፔር ነው። ሁለተኛው ጭማሪ ከ470 እስከ 1000 ማይክሮፋራድ ያለው ካፓሲተር ነው፤ ቦታውም ከቦርዱ የባትሪ ተርሚናሎች ጋር ተጠግቶ ነው። ረጃጅም የፓወር ሰፕላይ ሽቦዎች ያላቸው ኢንዳክታንስ በተለይ የስዊቺንግ ቻርጀሮችን (ከረንቱን በፍጥነት እየከፈቱና እየዘጉ የሚሠሩትን) ያናውጣል፤ ካፓሲተሩ ይህን ያረጋጋል። ቲፒ4056 ሊኒየር ስለሆነ እምብዛም አያስቸግርም፤ ሆኖም ልማዱ ጥሩ ነው።

የአገናኝ ቅደም ተከተሉን አያፋልሱ። መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን ከሬዚስተሩ ጋር አብርተው ቮልቴጁን ያስተካክሉ፣ ከዚያ ወደ ቦርዱ የባትሪ ተርሚናል ያገናኙ፣ የ5 ቮልቱን መግቢያ በመጨረሻ ይሰኩ፤ ሲያነሱ ደግሞ ከ5 ቮልቱ ይጀምሩ። ቲፒ4056 በባትሪው በኩል ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ቢገለበጥበት መከላከያ የለውም፤ ፓወር ሰፕላይ ተገልብጦ ከተሰካበት ቺፑ ወዲያው ይሞታል። በሙከራው መሐል መብራት ቢጠፋና ፓወር ሰፕላዩ ብቻውን ቢዘጋ ግን፣ ቻርጀሩ ከሌላ ምንጭ እየሠራ ቢሆን እንኳ፣ ሬዚስተሩ ቮልቴጁን ወደ ታች ስለሚጎትተው ቺፑ ወደ ቅድመ ቻርጅ ይመለሳል እንጂ ጉዳት አይደርስም። ያለ ሬዚስተሩ ግን የቻርጀሩ ከረንት ወደ ጠፋው ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ወደ ኋላ ይገባል፤ ርካሽ ፓወር ሰፕላዮች ይህን ሁልጊዜ አይችሉትም።

ፍተሻውን ከ2.5 ቮልት ይጀምሩ። ከረንቱ 130 ሚሊ አምፔር አካባቢ መሆን አለበት። ቮልቴጁን በዝግታ ከፍ ሲያደርጉ 2.9 አካባቢ ላይ ከረንቱ በአንድ ጊዜ ወደ 1 አምፔር ይዘላል፤ የዘለለበትን ቮልቴጅ ይመዝግቡ። ከዚያ 3.0 ላይ አድርገው ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይተዉት። ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው የፍተሻው ክፍል ይህ ነው፤ በእውነተኛ ባትሪ ሊደረግ የማይችለውም ይኸው ነው። ሴል በቻርጅ ላይ 3.0 ቮልትን በደቂቃዎች ውስጥ አልፎ ይሄዳል፤ ምስለ ባትሪው ግን የፈለጉትን ያህል እዚያው ያቆየዋል። በዚህ ነጥብ ቺፑ የ5 እና የ3 ቮልቱን ልዩነት በ1 አምፔር ተባዝቶ ማለትም 2 ዋት ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ለዚህች ትንሽ ቺፕ ይህ ከባዱ ሸክም ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከረንቱ ከ1 አምፔር እየወረደ ከሄደ ቺፑ ራሱን ከሙቀት እየጠበቀ ነው፤ ብልሽት አይደለም። ነገር ግን ቦርዱ በተዘጋ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ የሚገባ ከሆነ ፍተሻውን በሳጥኑ ውስጥ አድርገው ይድገሙት፤ ከረንቱ በብዙ የሚወርድ ከሆነም በቦርዱ ላይ ያለውን ከረንት ወሳኝ ሬዚስተር ወደ 2 ኪሎ ኦም ቀይረው ከረንቱን ወደ 580 ሚሊ አምፔር ያውርዱት። ለፀሐይ መብራት ይህ ከበቂ በላይ ነው።

የላይኛውን ጫፍ ሲፈትሹ የቮልቴጁን ትክክለኛነት ከምንም በላይ አጥብቀው ይመርምሩ። ቲፒ4056 4.2 ቮልቱን በ1.5 በመቶ ልዩነት ውስጥ እጠብቃለሁ ይላል፤ ይህም ከ4.137 እስከ 4.263 ነው። ለብዙ ሴሎች የሚፈቀደው ግን 4.20 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.05 ስለሆነ፣ በቺፑ የተፈቀደው የላይኛው ጫፍ ከሴሉ ወሰን ያልፋል። ስለዚህ ከረንቱ ወደ 100 ሚሊ አምፔር ሲጠጋ መልቲሜትሩን በቀጥታ በቦርዱ የባትሪ ተርሚናሎች ላይ አድርገው ይለኩ እንጂ የፓወር ሰፕላዩን ማሳያ አይመኑ፤ በሽቦው ላይ የሚጠፋው ጥቂት ሚሊ ቮልት እንኳ እዚህ ላይ ፍርዱን ይለውጣል። ከ4.25 በላይ ያነበቡበትን ቦርድ ለሌላ ሥራ ያውሉት፤ በሴል ላይ አይግጠሙት። ቺፑ ካቆመ በኋላ ቮልቴጁን ወደ ታች ሲያወርዱ 4.05 አካባቢ ላይ መልሶ መጀመሩን አይተው ይህን ክፍል ይዝጉ።

የመከላከያውን ክፍል በተመለከተ፣ በእነዚህ ቦርዶች ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ ዲደብሊው01ኤ የተባለው ቺፕ ከኤፍኤስ8205ኤ ትራንዚስተር ጋር ነው። ሴሉ ወደ 4.3 ቮልት ሲደርስ ቻርጁን፣ ወደ 2.4 ሲወርድ ደግሞ ጭነቱን ያቋርጣል፤ ሁለቱንም በምስለ ባትሪው ማየት ይቻላል። እዚህ ላይ ብዙዎችን ያሳሳተ ወጥመድ አለ። የባትሪው ኔጌቲቭና የመግቢያው ኔጌቲቭ አንድ አይደሉም፤ መሐላቸው ላይ ያለው መከላከያው የሚዘጋቸው ትራንዚስተሮች ናቸው። የ5 ቮልቱን ከዴስክቶፕ ኮምፒውተር ዩኤስቢ ወስደው የኦሲሎስኮፕ መሬት ቁንጢጫን በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ቢያደርጉ፣ ሁለቱም በግድግዳው መሰኪያ መሬት በኩል ይገናኙና ትራንዚስተሮቹ ከጥቅም ውጭ ይሆናሉ። መከላከያው ያቋርጣል፣ ከረንቱ ግን በምድር ሽቦው ዞሮ መፍሰሱን ይቀጥላል፤ ፈታሹም መከላከያው አይሠራም ብሎ ይደመድማል። የ5 ቮልቱን ምንጭ ከመሬት ያልተያያዘ የስልክ ቻርጀር ወይም ፓወር ባንክ ያድርጉ፤ የፓወር ሰፕላዩም ኔጌቲቭ ከመሬቱ ተርሚናል ጋር በብረት ቁራጭ ያልተያያዘ መሆኑን አስቀድመው ይመልከቱ።

ከዚህ ሌላ ያሉትን አማራጮች ባጭሩ ላንሳ። ኤሌክትሮኒክ ሎድ (የሚፈለገውን ያህል ከረንት የሚበላ መሣሪያ) ያለው ሰው በቋሚ ቮልቴጅ አሠራሩ ብቻውን መጠቀም ይችላል፤ ሆኖም የሎዱ መቆጣጠሪያና የቻርጀሩ መቆጣጠሪያ 4.2 አካባቢ ላይ እርስ በርስ ሲጎተቱ ሊናወጡ ስለሚችሉ ለላይኛው ጫፍ አልመክረውም። በቲኤል431 ቺፕ እና በአንድ ፒኤንፒ ፓወር ትራንዚስተር የሚሠራ ሻንት ሬጉሌተርም (ትርፍ ከረንትን እየበላ ቮልቴጁን የሚጠብቅ ሰርኪት) ከረንት ይቀበላል፤ ርካሽና ጥሩ ነው፣ ግን መስጠት ስለማይችል አምፖሉ በርቶ ሳለ የሚደረግ ፍተሻን አይሸከምም። እንደ ኪትሊ 2450 ያሉ ከረንት መስጠትም መቀበልም የሚችሉ መሣሪያዎች ይህን ሁሉ በአንድ ሣጥን ይሠሩታል፤ ዋጋቸው ግን ለአንድ የመብራት ቦርድ ተብሎ የሚወጣ አይደለም። በዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ካገኙት ይጠቀሙበት።

ሱፐር ካፓሲተር ግን ለብቻው ሊታይ ይገባዋል፤ ሌሎቹ የማያሳዩትን ያሳያል። ሁለት ባለ 100 ፋራድ፣ ባለ 2.7 ቮልት ሱፐር ካፓሲተሮች በተከታታይ ሲታሰሩ 50 ፋራድ ይሆናሉ፣ 5.4 ቮልትም ይችላሉ። ከ3.0 ወደ 4.2 ቮልት በ1 አምፔር ለመድረስ 60 ሰከንድ ይበቃቸዋል፤ ባለ 3000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ሴል ግን ከ3 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ከቋሚ ከረንት ወደ ቋሚ ቮልቴጅ የሚደረገውን ጉዞ እስከ ማቆሚያው ድረስ በደቂቃዎች ውስጥ በአንድ ተከታታይ መስመር ያዩታል። የሁለቱ ቮልቴጅ እንዲመጣጠን በእያንዳንዱ ላይ 100 ኦም ሬዚስተር ያድርጉ፤ እነዚሁ ሬዚስተሮች ቻርጁ ካቆመ በኋላ ቀስ እያሉ ስለሚያራቁቷቸው ከ6 ደቂቃ ገደማ በኋላ ቺፑ መልሶ ሲጀምር ያያሉ። ከዜሮ ግን አያስጀምሩት፤ በቅድመ ቻርጅ 2.9 ለመድረስ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። በፓወር ሰፕላይ፣ ከረንቱን በ1 አምፔር ገድበው፣ መጀመሪያ ወደ 3 ቮልት ያድርሱት። ሲሞላ ከ400 ጁል በላይ ስለሚይዝ ጫፎቹ በመፍቻ ወይም በሽቦ እንዳይነካኩ ይጠንቀቁ።

ሌሎች ቺፖችን ለሚጠቀሙ አንባቢዎች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። አንዳንድ ቻርጀሮች የጊዜ ገደብ አላቸው፤ ለምሳሌ ቢኪው24075 የጊዜ መወሰኛው ሳይቀየር ሲተው ቅድመ ቻርጁ በ30 ደቂቃ፣ ዋናው ቻርጅ በ5 ሰዓት ካላለቀ ስህተት አለ ብሎ ያቆማል። ምስለ ባትሪ ፈጽሞ ስለማይሞላ ይህ ማቆሙ የማይቀር ነው፤ ተግባሩን መወጣቱ ነውና ብልሽት አድርገው አይቁጠሩት። ቲፒ4056 እንዲህ ያለ ገደብ የለውም፤ ይህ ለፍተሻ የሚመች ቢሆንም ለደኅንነት ግን ጉድለት ነው።

የእርስዎ ሥራ የፀሐይ መብራት ስለሆነ ሦስት ነገሮችን በምስለ ባትሪው ላይ ጨምረው ይፈትሹ። የመጀመሪያው መብራቱ በርቶ ሳለ ቻርጅ ማድረግ ነው። ቺፑ ወደ ባትሪ የሚሄደውን ከረንትና ወደ አምፖሉ የሚሄደውን ለይቶ አያውቅም፤ አምፖሉ ከ100 ሚሊ አምፔር በላይ የሚበላ ከሆነ፣ ሴሉ ቢሞላም፣ ቺፑ ሞልቷል ብሎ ላያቆም ይችላል፣ ሴሉም በ4.2 ላይ ለሰዓታት ይቆያል። ሁለተኛው የፓነሉ ነገር ነው። በ5 ቮልት ምንጭ ያገኙት ውጤት በፓነል የሚደገም አይምሰልዎት፤ ደመና ሲሆን ፓነሉ 1 አምፔር መስጠት አይችልምና የመግቢያው ቮልቴጅ ይወድቃል። የመግቢያውን ምንጭ ከረንት 200 ወይም 300 ሚሊ አምፔር ላይ ገድበው ቺፑ በጸጥታ መሥራቱን ይቀጥል ወይም ይቆራረጥ እንደሆነ ይመልከቱ። የመግቢያው ወሰን 8 ቮልት ስለሆነም የፓነሉ ያለ ጭነት ቮልቴጅ በጠራ ፀሐይ ከዚያ እንደማይበልጥ ያረጋግጡ።

ሦስተኛውና አጥብቄ የማሳስበው ሙቀት ነው። የሊቲየም አዮን ሴል በተለምዶ ቻርጅ የሚደረገው ከ0 እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ክልል ነው። በአፋር ወይም በጋምቤላ ቆላ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ጥቁር የፕላስቲክ መብራት ውስጡ ከዚያ በላይ መሞቁ የሚያጠራጥር አይደለም። ቲፒ4056 የሙቀት መለኪያ እግር አለው፤ በገበያው ቦርድ ላይ ግን ይህ እግር ከኔጌቲቭ ጋር ተያይዞ ሥራው ተዘግቷል። ያንን እግር ከቦርዱ አላቅቀው ባለ 10 ኪሎ ኦም ኤንቲሲ (ሲሞቅ ኦሙ የሚቀንስ የሙቀት መለኪያ ሬዚስተር) ከመከፋፈያ ሬዚስተሮች ጋር ይግጠሙለት። እግሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ከመግቢያው ቮልቴጅ ከ45 እስከ 80 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ እስካለ ቺፑ ይሠራል፣ ከዚያ ሲወጣ ያቆማል። ፍተሻውም ቀላል ነው፤ በኤንቲሲው ቦታ ባለ 50 ኪሎ ኦም ፖቴንሺዮሜትር (በእጅ የሚስተካከል ሬዚስተር) ያድርጉና ወደ 4.5 ኪሎ ኦም ሲያወርዱት፣ ማለትም 45 ዲግሪን ሲያስመስሉ፣ ወደ 30 ኪሎ ኦም ሲያወጡት ደግሞ 0 ዲግሪ አካባቢን ሲያስመስሉ ቻርጁ ይቆም እንደሆነ ይዩ።

ምስለ ባትሪ የሚፈትሸው ኤሌክትሮኒክሱን ብቻ ነው። ሴሉ ሲያረጅ ውስጣዊ ሬዚስታንሱ እንዴት እንደሚያድግ፣ በቻርጅ ወቅት ምን ያህል እንደሚሞቅ፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ የሴሉ ማያያዣ ብየዳ ከረንቱን ይሸከም እንደሆነ አይነግርዎትም። ስለዚህ ከላይ ያለውን በሙሉ ያለፈ ቦርድ በእውነተኛ ሴል መፈተሽ አለበት፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይህ ብቻ ነው፤ በምስለ ባትሪ ያላለፈ ቦርድ ሴል አይነካም። ለመጀመሪያው ሙከራ ታሪኩ የሚታወቅ፣ ያላበጠ፣ ቮልቴጁ 3.6 አካባቢ ያለ ሴል ይጠቀሙ፤ ከአሮጌ ላፕቶፕ ተፈትቶ የወጣ ሴልን ለዚህ አይምረጡ። ከረንቱን ግማሽ አምፔር ላይ አውርደው፣ ሴሉን ከሚቃጠል ነገር ርቆ በሸክላ ወይም በብረት ላይ አስቀምጠው፣ በ10 ደቂቃ ልዩነት ቮልቴጁንና የሴሉን ሙቀት እየመዘገቡ፣ ቺፑ እስኪያቆም ድረስ ከአጠገቡ ሳይለዩ ይጨርሱት። ሴሉ በእጅ ሲነካ ከክፍሉ ሙቀት በግልጽ ከፍ ብሎ ከተገኘ ወይም ቮልቴጁ 4.25ን ካለፈ በመጀመሪያ የ5 ቮልቱን መግቢያ ይንቀሉ፣ ከዚያ ሴሉን ያላቅቁ፤ ቦርዱን እንደገና ወደ ምስለ ባትሪው መልሰው የላይኛውን ጫፍ ከለኩ በኋላ እንጂ በዚያው ቀን በሌላ ሴል አይሞክሩት።